በራሳቸው አንደበት መናገር የናፈቃቸው ናና ያአ ፍሬማ

ከሩቅም ከቅርብም ደክማችሁ የመጣችሁ፣ ጥቁርና ቀይ የኀዘን ልብስ ለብሳችሁ በዚህ ግቢ የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። የንክዋንታሶ ንግሥት እናት ናና ያአ ፍሬማ ወደ መንደራቸው ሄደዋል፤ ንግሥት ሞተች አይባልምና እንዲህ እንላለን። ስለ እሳቸው የሚነገረው ብዙ ነው፤ እሳቸው ግን ነገር ሲንዛዛ አይወዱም ነበርና የሚበቃውን ብቻ እናሰማለን።

ናና ያአ ፍሬማ፣ ጋና ነጻ በወጣች በዓመቱ፣ በቆሎ አራሽ ከነበሩት ከአባታቸው ከኦፓኒን ያው ባዱና ከንግሥታቱ ዘር ከሆኑት ከእናታቸው ከአፊያ ንያርኮ ሐሙስ ዕለት ተወለዱ፤ ያአ መባላቸውም የሐሙስ ልጅ በመሆናቸው ነው፤ ናና የንግሥትነታቸው፣ ኦፓኒን ደግሞ የታላላቅ ወንዶች የክብር ስም ነው። ፊደል የቆጠሩት እዚሁ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በፈተና የሚቀድማቸው አልነበረም፤ ነገር ግን "ተነሺና አንብቢ" የተባሉ እንደሆነ መጽሐፉን ከጎናቸው ላለችው ልጅ አቀብለው ይቀመጡ ነበር። እናታቸው በታመሙ ጊዜ ትምህርቱን አቋርጠው ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ወደ መነገድ ገቡ፤ ቦዬውን ወደ ኩማሲ ገበያ ይጭኑላቸው ከነበሩት ሾፌር ከኦፓኒን ክዋሜ ንሲያ ጋርም በወግ ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ኦፓኒን ክዋሜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ሚስቴ የምታወራው ከቦዬው ጋር ብቻ ነው፤ እኔ ጭነቱን አውርጄ መሄድ ነው" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

የመጨረሻዋ ልጃቸው ሴርዋ ኩማሲ ኮሌጅ የገባች ቀን፣ ናና ሣጥኗን በራሳቸው ተሸክመው ሸኟት። ሴርዋ እስከ በሩ ልታደርሳቸው አብረው ሲመለሱ በአንድ ክፍል መስኮት አጠገብ ቢያልፉ፣ አንዲት ወጣት በተማሪዎች ፊት ቆማ አንድ ሱቅ ለምን እንደሚከስር ስታስረዳ ሰሙ። እግራቸው አልሄድ አለ። ልጅቱ ተናግራ እስክትቀመጥ ድረስ ከመስኮቱ ሳይነቀሉ ቆይተው፣ "ሴርዋ፣ እኔን የመሰለች አሮጊት እዚህ ይቀበላሉ?" ብለው ጠየቁ። ልጃቸውም፣ "እማዬ፣ ቅዳሜና እሑድ ትልልቅ ሰዎች ይማራሉ" አለቻቸው።

ያቋረጡትን ትምህርት በማታ ጨርሰው የቢዝነስ አስተዳደር ለመማር ሲመዘገቡ ባለቤታቸው፣ "በዚህ ዕድሜሽ ከልጅሽ ጋር ደብተር ልትሻሚ ነው?" ቢሏቸው፣ "አዎ፤ አንተም ሥራ ከፈታህ እርሳስ ቅረጽልን" ብለው መለሱ። ከባለቤታቸው ጋር እንዲህ መመላለስ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

ኮሌጁ ግን ንባብና ፈተና ብቻ አልነበረም። የገበያ ጥናትም ይሁን የሠራተኛ አስተዳደር፣ ተማሪዎቹ በቡድን ሠርተው በክፍሉ ፊት ቆመው ማስረዳት ነበረባቸው። ናና ተራቸው ደርሶ በወጡ ቀን ያው የልጅነታቸው ፍርሃት መጣ፤ ወረቀታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። በዚህ ጊዜ ጊፍቲ የምትባል፣ በዕድሜ ልጃቸውን የምታህልና ማሜ፣ ማለትም እማማ፣ የምትላቸው ተማሪ ከኋላ ሆና፣ "ማሜ፣ ገበያ ላይ ሰው ሲከራከርሽ እንዲህ ነው ዝም የምትዪው? እኛንም ገዢ አድርጊን እንጂ!" ብላ ጮኸች። ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ከሳቁ ጋር አፋቸው ተፈታና፣ "ኑ እንግዲህ፣ አፍ ብቻ ይዛችሁ ከሆነ የመጣችሁ ግን ከቦዬዬ ላይ እጃችሁን አንሡ" ብለው ጀመሩ። ከዚያን ቀን በኋላ የትኛውም ቡድን "ማሜ የኛ ትሁን" እያለ ይጣላባቸው ነበር። በዕረፍት ሰዓት ከጊፍቲና ከጓደኞቿ ጋር ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የተጠበሰ ቦዬ በሚጥሚጣ ከአንድ ሳህን እየበሉ ሲከራከሩ፣ ያያቸው ሁሉ ዕድሜያቸው ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለው ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ ሊመረቁ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የንግሥት እናት ዙፋን የሆነው የበርጩማው ባለቤት የነበሩት አክስታቸው ናና ሴዋ ወደ መንደራቸው ሄዱ። የንግሥታቱ ዘር ሁለት ቤት ሆኖ ለብዙ ዘመን ሲናከስ እንደኖረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሁለቱም ቤት እሺ ያለው በያአ ፍሬማ ብቻ ነበረ። እሳቸውም ከተማዋ በደም እንዳትጣላ ብለው በበርጩማው ተቀመጡ። በወጋችን ደግሞ ንግሥት እናት በሸንጎ ፊት በራሷ አፍ አትናገርም፤ ቃሏን ዝቅ አድርጋ ለቃል አቀባይዋ ትነግራለች፣ እሱም አሳምሮ ለሕዝብ ያሰማል። በሰው ፊትም አትበላም። ስለዚህ ናና በዕረፍት ሰዓት መኪና ውስጥ መቀመጥ ጀመሩ። ጊፍቲም ሳህኑን እንደያዘች ከሩቅ ቆማ፣ "ናና፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሽታውን እንኳ ላምጣልዎ?" ስትላቸው እየሳቁ ፊታቸውን ወደ ወዲያኛው መስኮት ያዞሩ ነበር።

የመመረቂያ ጥናታቸውን በመምህራን ፊት የሚያስረዱበት ቅዳሜ ደረሰ። ቃል አቀባያቸው ኦፓኒን ክዋኩ ታኪ ዘንጋቸውን ይዘው አብረው ገቡ። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ዶክተር አንኮማ "ተማሪዋ ይጀምሩ" ሲሉ፣ ናና ወደ ክዋኩ ጠጋ ብለው፣ ቦዬ የሚበሰብሰው ነጋዴዎቹ ሰነፍ ስለሆኑ ሳይሆን የጋራው መጋዘን ኃላፊ ስለሌለው መሆኑን በዝግታ ነገሯቸው። ክዋኩም ዘንጋቸውን አቁመው፣ "ናና እንዲህ ይላሉ! እናት በሌለችበት ቤት ድስቱ ሁሉ ክዳን የለውም!" አሉ። ዶክተሩ፣ "ይህን በምን መንገድ አጠኑት?" ቢሏቸው፣ ናና በየመጋዘኑ ዞረው እነማንን ምን ብለው እንደጠየቁ አንድ በአንድ ነገሩ፤ ክዋኩም፣ "ንግሥት ስትጠይቅ የሚዋሽ ማን ነው!" ብለው አሳረጉት። ኦፓኒን ክዋኩ አላጠፉም፤ የቃል አቀባይ ሥራው ማሳመር ነውና። መምህራኑ እንባቸው እስኪወርድ ከሳቁ በኋላ ዶክተር አንኮማ፣ "ናና፣ ኦፓኒን ክዋኩን በማዕረግ አስመርቀናቸዋል፤ የእርስዎን ዕውቀት ግን ከእርስዎ አፍ ካልሰማን መፈረም አንችልም" ብለው ሌላ ቅዳሜ ቀጠሩላቸው።

ናና ሽማግሌዎችን ሰብስበው ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈቀድላቸው በክዋኩ አፍ ለመኑ። ሽማግሌዎቹም፣ "ናና፣ ንግሥት በሸንጎ ፊት ራቁት ቃል ካወጣች፣ ነገ ያኛው ቤት በርጩማው ረከሰ ብሎ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ማን ያበርደዋል?" አሉ። በቀጠሮው ቅዳሜ ናና ለብሰው ወጡ፤ ሾፌሩም ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቀ። እሳቸው ግን የመኪናውን በር እንደያዙ ብዙ ከቆሙ በኋላ፣ "አጥፋው" ብለው ወደ ቤት ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ የገዙበት ዘመን የሰላም ዘመን ነበረ፤ ሁለቱ ቤቶች ዛሬ በአንድ ዳስ መቀመጣቸው ምስክር ነው። የከተማዋን ሴት ልጆች ኮሌጅ እያስገቡ፣ በዕረፍት ሲመጡ የተማሩትን በዚህ ግቢ ቆመው እንዲያስረዷቸው ያዟቸው ነበር። ልጆቹ ሲናገሩ የናና ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ኦፓኒን ክዋኩ አንድ ቀን፣ "ናና፣ ለሕዝቡ የማደርሰው ቃል አለ?" ብለው ጠጋ ቢሉ፣ "የለም ክዋኩ፤ ይህ ለራሴ ነው" አሏቸው።

ኩላሊታቸው ታሞ ኩማሲ ሆስፒታል ሲተኙ፣ ናናን ትታችሁ ያአ ፍሬማ ብላችሁ ብቻ መዝግቡኝ አሉ። አንድ ቀን ኦፓኒን ክዋኩ ሊጠይቋቸው ሄደው ከበሩ ሲደርሱ፣ ከውስጥ ያልለመዱትን ድምፅ ሰሙ። ናና ትራስ ተደግፈው፣ በየአልጋው ላሉት ሴቶች የጋራ መጋዘን እንዴት እንደሚተዳደር እያስረዱ፣ ሴቶቹም እየተከራከሯቸው፣ እሳቸውም እየመለሱ ነበር። አንዷ ሕመምተኛ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ አስተማሪ ነሽ እንዴ?" ስትላቸው፣ "ተማሪ ነኝ፤ አልጨረስኩም" አሉ። ኦፓኒን ክዋኩ ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ናና ተናግረው እስኪጨርሱ ከደጅ ቆዩ። በዚያው ሳምንት ናና ወደ መንደራቸው ሄዱ።

ናና ያአ ፍሬማ ልጆቻቸውን ሴርዋን፣ ክዋቤናንና አጂማንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ያስተማሯቸውን የከተማዋን ሴት ልጆች፣ እዚያ ከኋላ ከጊፍቲ ጋር የተቀመጡትን የክፍል ጓደኞቻቸውን፣ እንዲሁም የሚያደርሱት ቃል ያጡትን ኦፓኒን ክዋኩ ታኪን ትተው ሄደዋል። የአባቶቻችን አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ በዚያም በእርሱና በእሳቸው መካከል ቃል አቀባይ አያቁም፤ የሚሉትን ሁሉ ከራሳቸው አፍ፣ እስኪጨርሱ ድረስ ይስማቸው። አሜን።