የአማቴ ሰዓት

አማት ፊት እንደኔ የተዋረደ ካለ እጁን ያውጣ! ከእጮኛዬ አባት ጋር ልተዋወቅ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ቤታቸው ምሳ ተጠርቼ ሄድኩ። ሰውየው ሲጨብጡኝ ዓይኔ ክንዳቸው ላይ ተተከለ። ስፈልገው የኖርኩት፣ በእጅ የሚሞላው የጃፓን ወታደራዊ ሰዓት፣ ያውም የመጀመሪያው ምርት! እኔ ያሰርኩት ሦስተኛውን ነው። ወዲያው ፈታሁና ከእሳቸው ጎን ይዤ መርፌውን ከመርፌ፣ ቁጥሩን ከቁጥር ሳስተያይ ወጡ በረደ።

«ወደይ፣ የኔ ልጅ፣» አሉኝ አባትየው፣ «ልትጠይቀኝ የመጣኸው ልጄን ነው ሰዓቴን?»

ምን ልዋሻችሁ፣ ዓይኔ አሁንም ሰዓቱ ላይ ነበር። እጮኛዬ ፊቷ ቀላ። «ኣቦይ፣ ሰዓቱን ስጠውና ይሂድልን!» አለች።

አባትየው ሰዓታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «የለም፣ አንቺን ይውሰድ። ልጅማ ሌላም አለኝ!»

ይኸው ተጋባን። አማቴ ግን ዛሬም በሩን የሚከፍቱልኝ እጅጌያቸውን ወደ ታች ጎትተው ነው።