የሆራስ ተራ

ኤልዉድ፣ ዛሬ ልንሸኝህ ተሰብስበናል፤ እዚህ ጃዝ ቤት ፒያኖ ልትጫወት መጀመሪያ የመጣህ ቀን በሩ ላይ ትኬት የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ክራባት፣ ጥቁር ባርኔጣ፤ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። ቀብር አስፈጻሚ መሰልከኝና «ማን ሞተ?» አልኩህ። «እስካሁን ማንም። ፒያኖውን ግን ልየው» አልከኝ። አይተኸው ተመለስክና «አልሞተም፤ ግን ቤተሰቡ ይጠራ» አልክ።

አንተ ክሎቪስ፣ ምን ያስቅሃል? አጠገቡ ድራም ስትመታ፣ «ቀስ በል፣ ባቡሩ አያመልጠንም» ሲልህ ነው ያረጀኸው።

በካንሳስ ሲቲ የጎድን ጥብስ በሹካና በቢላ የሚበላ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ጣቶቹን ቅባት እንዳይነካቸው። ወጥ ቤት ያሉት እስከ ዛሬ እንደ ስድብ ነው የሚቆጥሩት። እየተጫወተ እንግዳ ሲያወራበት ደግሞ አይቆጣም። ፒያኖውን ዝቅ ያደርገዋል፣ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሰውየው የገዛ ድምፁን ሰምቶ እስኪያፍር ድረስ። ባለፈው የገና በዓል አንዱ አማቱን ሲያማ ቤቱ ሁሉ ሰማ። አማትየዋም እዚያው ነበሩ።

ቀልዱ ይብቃኝ። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አልታዘዝ ካሉ ቆይተዋል። ሁላችንም የምናውቃቸውን የድሮ ዘፈኖችና ብሉዞች ለአልበሙ ሊቀዳ ስቱዲዮ ሲገባ፣ ክሎቪስንና እኔን ይዞን ሄደ። ቤዝ ተጫዋች አልፈለገም። ቀርፋፋውን ብሉዝ ቤዝ ተጫዋቹ ባሌ ሆራስ ከተቀበረ ወዲህ ነክቶት አያውቅም ነበር።

እዚህ ጃዝ ቤት ቤዙ ብቻውን ሲናገር ፒያኖው ዝም ይላል። ብሉዙ መሃል ሲደርስ ኤልዉድ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ክሎቪስ ብቻ ድራሙን በብሩሽ ቀስ እያለ ያሻሸዋል። አንድ ዙር እንዲህ አለቀና ኤልዉድ ተመልሶ ገባ።

ድምፅ ቀጂው፣ «ጋሽ ኤልዉድ፣ መሃል ላይ ምን ሆነው ነው? ባዶ ነው እኮ» አለ።

«የሆራስ ተራ ነዋ» አለው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ለካ ሞቷል» አለ፣ ለራሱ።

«ችግር የለም፣ ቆርጠን እናገጣጥመዋለን።»

ኤልዉድ ወደኔ ዞረ። «ኦዴሳ፣ እህቴ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው። ይቆረጥ?»

ሆራስ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጫወት እኔ አልመጣሁም። ለምን እንደቀረሁ፣ ኤልዉድ፣ አንተ ታውቃለህ፤ አንድም ቀን አላነሳህብኝም። «ተወው» አልኩህ።

ያ ባዶ ዙር አልበሙ ውስጥ አለ። አንድ ገዢ ተበላሽቷል ብሎ መልሶታል አሉ። እኔ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ እዚያ ጋ ስደርስ የቀረሁበትን የሆራስን ጨዋታ እሰማለሁ።

ከነገ ጀምሮ ያን ፒያኖ የሚነካው ሌላ ሰው ነው። ጥሩ ሰው ይሆናል፤ ለሆራስ ቦታ መልቀቅን ግን ከየት ያውቀዋል? እኔን የከበደኝ ይሄ ነው። ቦታውን እስከ ዛሬ ስለጠበቅክልኝ አመሰግንሃለሁ።

ብርጭቋችሁን አንሱ። ኤልዉድ፣ እጅህን ሕመሙ ይተውልህ፤ ደህና እንቅልፍ ይስጥህ። አንተም ዝም የምትልበት ቀን ሲመጣ፣ ተራህን በሌላ ሳይሞላ የሚጠብቅልህ ሰው አትጣ።