በሽኩር ስም

ኮምቦልቻ፣ የአንድ አነስተኛ ክለብ መልበሻ ክፍል፤ ድሮ «ነገ ብሔራዊ ቡድን ይገባል» የተባለለት አጥቂ ይመር ከዓመታት በኋላ ለአንደኛ ሊግ ሊፈርም መጥቶ፣ የልምምድ ማልያውን እንደለበሰ ከልጅነት አሰልጣኙ ከጋሽ አበጋዝ ጋር ተፋጥጧል።

ይመር፦ አልፈርምም አልኩ እኮ ጋሼ። በዚህ ስም አልፈርምም።

አበጋዝ፦ እንግዲህ ጀመረህ! ጠዋት ሙሉ ስትሮጥ አየሁህ፣ «ይኼ ልጅ ገና አላለቀም» ብዬ ኮሚቴውን ለምኜ አሳመንኩ፤ አሁን ደግሞ ስም ታወጣለህ?

ይመር፦ አላወጣሁም። የራሴን ነው የጠየቅኩት።

አበጋዝ፦ ከዚህ እስከ ደሴ ሽኩር ሲባል ሰው ማንን ነው የሚያውቀው? አንተን አይደል?

ይመር፦ ሽኩር የሞተው ወንድሜ ነው።

አበጋዝ፦ ቀስ በል! በሩ ክፍት ነው።

ይመር፦ አዩ? ዛሬም ቀስ በል። ወንድሜ ሞቷል ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም እኮ።

አበጋዝ፦ እኔ ለክፋት ያደረግኩት ይመስልሃል? የታዳጊዎች ምርጫ መጣ፣ አንተ ዕድሜህ አልፏል። የታናሽህ የልደት ካርድ ቁጭ ብሏል፤ እሱ ያኔ በረሃ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜ ያልቀነሰ ማን ነበር? የታዳጊው በረኛችን ሁለት ልጆች ነበሩት!

ይመር፦ እሱ እንኳ የቀነሰው የራሱን ነው።

አበጋዝ፦ ይኼን ምላስህን ሜዳ ላይ ብታመጣው የት በደረስክ ነበር። ስማኝ፤ በሽኩር ከፈረምክ ፌዴሬሽኑ ያውቅሃል፣ ዕድሜህም ብዙ አያስወራም፣ ሕዝቡም ሊያይህ ይመጣል። በይመር ከፈረምክ ግን ማን ነህ? ሠላሳን ያለፈ፣ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ የማያውቅ ሰው። ኮሚቴው «ከየት ነው ያመጣኸው» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

ይመር፦ እውነትዎን ነው። ይመር አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

አበጋዝ፦ ያ የዝናቡ ቀን ጎልስ? ከመሀል ሜዳ ጀምረህ፣ ጭቃው ውስጥ ሁሉንም አጋድመህ! ሕዝቡ አጥሩ ላይ ወጥቶ «ሽኩር! ሽኩር!» ሲል ፀጉሬ ነው የቆመው።

ይመር፦ የኔም ቆሞ ነበር። የእርስዎ በደስታ ነው፤ እኔ ዞር ብዬ ፈለግኩት። ወላሂ ጋሼ፣ ከኋላዬ የቆመ ነው የመሰለኝ።

አበጋዝ፦ ልጅ ነበርክ። ሐዘኑ አልወጣልህም ነበር።

ይመር፦ ዛሬ ጠዋትስ? ያ አማካይ «ሽኩር፣ ያዝ!» ብሎ ሲያቀብለኝ ምን ሆንኩ?

አበጋዝ፦ አመለጠህ። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

ይመር፦ አልደከመኝም። እሱን እየጠበቅኩ ነው።

አበጋዝ፦ ማንን?

ይመር፦ ሽኩርን። ስሙ ሲጠራ መጀመሪያ እሱ አቤት እንዲል እጠብቃለሁ። ሆን ብዬ አይደለም። አንድ ትንፋሽ ያህል እቆማለሁ፤ ዝም ሲል ያኔ ትዝ ይለኛል፣ ለካ የሚጠሩት እኔን ነው። እስከዚያ ኳሱ ሄዷል።

አበጋዝ፦ አዲስ አበባ ለሙከራ ስልክህ «እግሩ ድንቅ ነው፣ ግን ዘግይቶ ነው የሚሰማው» ብለው መለሱህ።

ይመር፦ ልክ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ጉልበቱ ነው አለ፣ ኩራት ነው አለ፣ ሴት ነች አለ። እኔን ከብሔራዊ ቡድን ያስቀረችኝ ያቺ አንዲት ትንፋሽ ናት።

አበጋዝ፦ ይኼን ሁሉ ዘመን እንዴት አልነገርከኝም?

ይመር፦ ምን ልበልዎት? የሞተ ሰው እየጠበቅኩ ኳስ አመለጠኝ ልበል? በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ስንቴ እንደሚጠሩኝ ያውቃሉ። በተጠራሁ ቁጥር ደርቄ እቀራለሁ። ፈርቼ ነው የተጫወትኩት ጋሼ። አንድ ቀን አቤት ይላል ብዬ ፈርቼ።

አበጋዝ፦ ሼኾቹ ጋ እንሂድ። ዱዓ ያደርጉልሃል፣ ይለቅሃል።

ይመር፦ እሱ አልያዘኝም፤ እኔ ነኝ የያዝኩት። ስሙን ይዤበት የት ይሂድ?

አበጋዝ፦ እሺ፣ እሺ። ግን ይኼን ያህል ችለኸው ኖረህ ዛሬ ምን መጣ?

ይመር፦ እናቴ።

አበጋዝ፦ እትዬ ዘሀራ? ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?

ይመር፦ እየዘነጋች ነው። ባለፈው ስገባ «ሽኩርዬ፣ መጣህልኝ» ብላ አቀፈችኝ። ቀጥላ ታለቅሳለች። «ወንድምህ ይመር በረሃ በልቶት ቀረ፤ አንተ ተረፍክልኝ» ትላለች። እጄን ይዛ፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ፣ ለኔ ታለቅሳለች።

አበጋዝ፦ ያ ረቢ! «እኔ ነኝ ይመር» አትላትም?

ይመር፦ አልኳት። ጎረቤት ጠርታ አስወጣችኝ። «ይኼ ሰው የሞተ ልጄን ስም ይዞ ይዞራል» ብላ።

አበጋዝ፦ ከገዛ ቤትህ?

ይመር፦ ምን ይፈረድባታል? በረሃ ለቀን ሥራ ሄዶ በወባ የሞተው ሽኩር ነው፤ እዚያው ተቀበረ። መርዶው ሲመጣ እርስዎ ግን ስሙን ለኔ አስመዝግበው ነበርና መጥተው «ድንኳን አይተከል፣ ድምፅ አይሰማ፣ የልጁ ዕድል ይበላሻል» አሏት። አሳዘንኳት፣ እሺ አለች። ሻሿን አፏ ውስጥ ወትፋ ነው ያለቀሰችው። ስለምንመሳሰል ሰውም አልጠረጠረ። «ይመርስ የት ገባ?» ሲሏት «በረሃ ነው» ስትል ኖረች። ስትለው ስትለው አመነችው።

አበጋዝ፦ እኔ ልጅ አልነበረኝም። አንተን ትልቅ ቦታ ለማየት ነበር የጓጓሁት። ይኼ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

ይመር፦ እኔም አላሰብኩም። ደስ ብሎኝ ነው የለበስኩት። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

አበጋዝ፦ በል እንግዲህ ምን ላድርግ? በይመር ላስፈርምህ? ኮሚቴውን እንደምንም አባብላለሁ።

ይመር፦ መፈረሙን ትቼዋለሁ። ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዘው እኛ ቤት ይምጡ። እናቴን መርዶውን ያርዱልኝ። ሽኩር ሞቷል ይበሏት፣ በሰው ፊት፣ በሙሉ ድምፅ። ድንኳን ይተከል፣ ሰው ይቀመጥለት።

አበጋዝ፦ የምትለውን ታውቃለህ? ድንኳን በተተከለ በማግስቱ ወሬው ፌዴሬሽን ይደርሳል። አንተ ሁለተኛ ሜዳ አትረግጥም። እኔም በዚህ ሽበቴ አጭበርባሪ ተብዬ እባረራለሁ።

ይመር፦ አውቃለሁ።

አበጋዝ፦ ከኳስ ሌላ የምታውቀው የለህም። ምን ልትሆን ነው?

ይመር፦ ወንድሙ የሞተበት ሰው። እስካሁን እሱን እንኳ አልሆንኩም።

አበጋዝ፦ አንድ ዓመት ተጫወት። አንድ ዓመት ብቻ! የመጨረሻ ዕድልህ ነው። ከዚያ የፈለግከውን እናደርጋለን።

ይመር፦ በዓመቱ እናቴ ትኖራለች? ሳይለቀስለት እሷ ከሞተች ሽኩር መኖሩንም የሚያውቅ የለም። እኔም ከዚያ በኋላ ይመር ነኝ ብል ማን ይመሰክርልኛል?

አበጋዝ፦ እንዲያውም እሷን አስብ። ሽኩሬ አለልኝ ብላ ነው የምትኖረው። በእርጅናዋ ልትቀማት ነው?

ይመር፦ ሌሊት ሌሊት ለኔ ስታነባ አልሰሟትም ጋሼ። ከሁለት አንዳችንን ታለቅሳለች። የሞተውን ታልቅስ።

አበጋዝ፦ ባታምነኝስ? ሽኩር ነው የምትለው አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ ሽኩር ሞተ ብላት?

ይመር፦ ላታምን ትችላለች። ሰው ግን መጥቶ ይቀመጥለታል፤ ስሙ እየተጠራ ይለቀስለታል። እኔም ያኔ አቤት አልልም።

አበጋዝ፦ ያኔ ድንኳኑን የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ላስተክለው። የእድሩን ዳኛ አሁኑኑ ሄጄ አናግራለሁ። አንተም ያንን ማልያ አውልቅ፤ ለቅሶ ቤት በሱ አይገባም።