ጋቢዎን ከግድግዳው ያርቁልኝ

(ኅዳር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መንዝ ደጋ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ የገደል ስንጥቅ ውስጥ፤ እኩለ ቀን ቢቃረብም ውርጩ ከድንጋዩ አልለቀቀም፤ ሶስና ካሜራዋን በማቆሚያው ላይ ተክላለች፣ መንገድ መሪዋ ጋሽ እርገጤ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከፊቷ ቆመዋል።)

ሶስና፦ ጋሽ እርገጤ፣ ከዚያ ግድግዳ ዞር ይበሉልኝ! ዛሬ ብቻ አምስቴ ነገርኩዎ።

ጋሽ እርገጤ፦ ምን አደረግኩሽ ልጄ? ቆምኩ እንጂ ግድግዳውን አልበላሁብሽ።

ሶስና፦ ጋቢዎ ነጭ ነው። ፀሐይዋ ስንጥቁ ውስጥ ስትገባ ያበራብኛል፤ ፎቶው ይበላሻል።

ጋሽ እርገጤ፦ እንዳንቺ ጥቁር ያስነከርኩት የለኝም። ደግሞስ ቢያበራ ምን አለበት? ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሽው ለብርሃን አይደል?

ሶስና፦ ለስንጥቁ ብርሃን ነው የመጣሁት፤ ለጋቢ ብርሃን አይደለም።

ጋሽ እርገጤ፦ እሺ፣ ይኸው ዞርኩ።

ሶስና፦ አንድ እርምጃ?

ጋሽ እርገጤ፦ ከዚህ ወዲያ ዞር በል ካልሽኝ ድንጋዩ ውስጥ መግባቴ ነው።

ሶስና፦ ወደዚህም አይተንፍሱ። ሌንሱን እንፋሎት አለበሱት፤ ይኸው ደግሜ ልወልውል።

ጋሽ እርገጤ፦ በውርጭ ትንፋሽ ቢጤስ የኔ ጥፋት ሆነ? ነገ ስንመጣ ትንፋሼን ለባለቤቴ አስቀምጬ እመጣለሁ።

ሶስና፦ ነገ የለም። ነገ መኪናው ይመልሰኛል።

ጋሽ እርገጤ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

ሶስና፦ ሦስት ቀን እዚህ ብርድ ውስጥ የቆመች ሴት ቸኮለች አትባልም። ባትሪው ከቅዝቃዜው የተነሳ በግማሽ ሰዓት ይሞታል፤ ትርፉን በብብቴ አሙቄ ነው የምይዘው። ጣቶቼ የኔ መሆናቸውን ከረሳሁ ቆየሁ። ለዚህ ሁሉ ትናንት ያነሳሁትን አይተውታል አይደል?

ጋሽ እርገጤ፦ አይቼዋለሁ። ከሰል ነው።

ሶስና፦ አመሰግናለሁ።

ጋሽ እርገጤ፦ ጠየቅሽኝ፣ መለስኩ። አምኃ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ያነሳው ላይ ይህ የውስጠኛው ግድግዳ ፍም ይመስላል። ያንቺ ላይ የጠፋ ምድጃ።

ሶስና፦ የባሌን ፎቶ ከርስዎ በላይ አውቀዋለሁ። ቦታው ያው ነው፤ ቀኑም ሰዓቱም ማስታወሻው ላይ የጻፈው ነው። ካሜራው እንኳ የራሱ ነው። ታዲያ ለምን?

ጋሽ እርገጤ፦ ዝም አይነቅዝም።

ሶስና፦ ምን ማለትዎ ነው?

ጋሽ እርገጤ፦ ምንም። ብቻ እዚህ ጥግ ላይ ትንሽ ፀሐይ ልሙቅ ብዬ...

ሶስና፦ ጋሼ! ተመልሰው እዚያው ግድግዳ ጋ ሄዱ! ደግሞ ጋቢውን እንደ ጆፌ አሞራ ዘርግተው!

ጋሽ እርገጤ፦ ካልዘረጉት ሙቀት አይገባም።

ሶስና፦ ፀሐይዋ እኮ ገና አልገባችም! የሌለች ፀሐይ ነው የሚሞቁት?

ጋሽ እርገጤ፦ ቀድሜ ቦታ እየያዝኩ ነው።

ሶስና፦ እባክዎ ይስሙኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሙት ዓመቱ ነው። የዚያን ዕለት ፎቶዎቹ ለሕዝብ ይታያሉ። አብሮት ያስተማረ አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ “ያ ብርሃን በኮምፒውተር የተቀባ ነው፤ አምኃ አታሎናል” አለ። አዘጋጆቹም ፎቶውን እናስቀረው እያሉ ነው። እኔ ደግሞ ተነስቼ፣ ያንኑ ብርሃን ካለበት አንስቼ አመጣለሁ፣ ምንም እንዳልተጨመረበት ታያላችሁ አልኩ። በሰው ፊት።

ጋሽ እርገጤ፦ ምንም እንዳልተጨመረበት?

ሶስና፦ ሃያ ስድስት ዓመት ለተማሪዎቹ የነገራቸው አንድ ነገር ነው፤ “እግዜር በሰጠው ብርሃን ላይ አትጨምሩ።” እሱን አታላይ ሲሉት ዝም ልበል?

ጋሽ እርገጤ፦ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና...

ሶስና፦ እና?

ጋሽ እርገጤ፦ ተይው። ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ።

ሶስና፦ ተረትዎን ለሾፌሩ ያቆዩለት። አሥር ደቂቃ ቀርቶናል። እንደ ትናንቱ ወጣ ብለው ይጠብቁኝ።

ጋሽ እርገጤ፦ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ልክ ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ታስወጪኛለሽ።

ሶስና፦ ቢቆዩ ግድግዳው ጋ ስለሚሄዱ ነዋ! አሁን ይህን ሌንስ... ምን ሆኑ? እጄን ምን ያዩብኛል?

ጋሽ እርገጤ፦ ያ የምትወለውዪበት ጨርቅ። ወዲህ በይው እስቲ።

ሶስና፦ መወልወያ ነው። ከቦርሳው ያገኘሁት።

ጋሽ እርገጤ፦ ጥለቱን ልየው። አረንጓዴ፣ ዳሩ ላይ ቀጭን ቢጫ... ያቺ ነጠላ ናት! ማን ነው እንዲህ የቆራረጣት?

ሶስና፦ እኔ ነኝ። ነጠላዬን እርስዎ የት ያውቋታል?

ጋሽ እርገጤ፦ የት አውቃታለሁ! በነዚህ እጆቼ ይዣት፣ እዚህች ግድግዳ ጋ ክንዴ እስኪደነዝዝ ቆሜያለሁ እንጂ!

ሶስና፦ ምን?

ጋሽ እርገጤ፦ ያን ቀንም እንዲህ ውርጭ ነበር። አምኃ አንገቱ ላይ ጠምጥሟት መጣ። ፀሐይዋ ገባች፤ ያረፈችው ግን እዚህ ጥጉ ላይ ብቻ፣ ውስጡ ጨለማ። አነሳ፣ ከሰል። አነሳ፣ ከሰል። እንዳንቺው ድንጋዩን ተቆጣ። ኋላ ነጠላዋን ፈታና፣ “ጋሽ እርገጤ፣ ይህችን ፀሐይዋ ላይ ዘርግተው ይያዙልኝ” አለኝ። ስዘረጋት ብርሃኑ ከሷ ነጥሮ ውስጥ ገባ፤ ግድግዳው ነደደ።

ሶስና፦ ስለዚህ ሰውዬው ልክ ነው። አምኃ ጨምሯል።

ጋሽ እርገጤ፦ በኮምፒውተር አልቀባም።

ሶስና፦ ጨምሯል ነው የምልዎ! እርስዎም ሦስት ቀን እዚህ ስንቀጠቀጥ ዝም ብለው አዩኝ።

ጋሽ እርገጤ፦ ለማንም እንዳልናገር አደራ አለኝ። አደራ ልብላ? ጋቢዬን ይዤ ግድግዳው ጋ ስቆም ራስሽ ታይዋለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ደግሞ ፀሐይ ሳትገባ ታባርሪኛለሽ!

ሶስና፦ ለኔም እንዳይነግሩ አለ?

ጋሽ እርገጤ፦ ላንቺማ ራሱ ሊነግርሽ ነበር። ነጠላዋን ቀይ ጭቃ ነክቷት ሲያይ ሳቀ። “ይህን ስታይ ትቆጣለች፤ ሲበርድላት እነግራታለሁ” አለ።

ሶስና፦ ሦስቴ አጠብኳት። አፈሩ አልለቅ አለ። የእናቴ ስጦታ ነበረች። ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም፤ ከዚያ በመቀስ ቆራርጬ፣ እንካ መወልወያህን አልኩት።

ጋሽ እርገጤ፦ ምን አለ?

ሶስና፦ “ለሌንስ ጥሩ ትሆነኛለች” አለ። አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተታት። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም።

ጋሽ እርገጤ፦ ልጄ፣ ፀሐይዋ አናቱን ነካች። ወጥቼ ልጠብቅሽ?

ሶስና፦ እዚያ ሰዎች ፊት ምን ብዬ ነው የምቆመው?

ጋሽ እርገጤ፦ እውነትና ንጋት...

ሶስና፦ አይጨርሱት፣ አውቀዋለሁ። ከፎቶው ሥር ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ነጠላዋን፣ የያዘለትን ሰው፣ አምኃ መደበቁንም። ከዚያ ማስቀረት የፈለገ ያስቀር። የአባትዎ ስም ማን ነው?

ጋሽ እርገጤ፦ የኔ? ሀብተየስ። ምን ያደርግልሻል?

ሶስና፦ ይጻፋላ። አሁን ይመለሱ።

ጋሽ እርገጤ፦ ወዴት?

ሶስና፦ ግድግዳው ጋ። ጋቢዎን አውልቀው ይዘርጉት።

ጋሽ እርገጤ፦ በዚህ ውርጭ በሸሚዝ? ያኔ የዘረጋሁት ነጠላሽን ነው፤ ጋቢዬ ከትከሻዬ አልወረደም ነበር።

ሶስና፦ ይኸው፣ የኔን ጋቢ ይደርቡ።

ጋሽ እርገጤ፦ ኧረ ይህማ ከልሽ ነው! ዓመቱ ሳይሞላ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ...

ሶስና፦ ለብርዱ ነው ጋሼ፤ ሌላ ትርጉም አይስጡት። ትንሽ ወደ ግራ፤ አሁን ከፍ አድርገው ይያዙት።