ከልባሞቹ ጋር አልገባም

ነገሩ የተበላሸው የማብቂያው ደወል ከተደወለ በኋላ ነው። ምሳሌው አልቆ፣ መብራቴ ጠፍቶ፣ እንደ ወትሮው እራት ልበላ በሩን አንኳኳሁ። ሙሽራው ከውስጥ «አላውቅሽም!» አለኝ። ያን ጠዋት የተተረተረ ካባውን የሰፋሁለት ሰው! ከኋላው የአምስቱ ልባሞች ሳቅ ተሰማ።

ክቡራትና ክቡራን፣ የምሳሌ ክፍል ባልደረቦቼ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ያዘጋጀውን የአባካኙን ልጅ ታላቅ ወንድም በተለይ። ለራሱ አንድ ግብዣ ሳያይ ለሰው ሲደግስ ይኖራል።

ለአዲሶቹ ልንገራቸው። እዚህ ቤት፣ ቅዱስ መጽሐፉ የሆነ ቦታ በተገለጠ ቁጥር ደወል ይደወላል፤ እኛም ተነሥተን የየራሳችንን ምሳሌ እንሠራለን፤ ሲዘጋ ደግሞ የማብቂያው ይደወላል። የጠፋችው በግ ትጠፋለች፤ መንገዱን ከእረኛው ይልቅ አጥርታ እንደምታውቀው ግን ማን ያጣዋል? እኔ ሙሽራ ከሚጠብቁት ከአሥሩ ልጃገረዶች አንዷ ነኝ፤ ዘይት አልቆባቸው ደጅ ከሚቀሩት ከአምስቱ ሰነፎች ወገን።

ሥራ የጀመርኩ ለት የንብረት ክፍሉን ሰውዬ «ጋሼ፣ የእኔስ መጠባበቂያ ዘይት?» አልኳቸው።

«አንቺማ ሰነፏ ነሽ።»

«በምን አወቁ?»

«ዘይት የለሽማ!»

«ዘይቱን የማይሰጡኝስ?»

«ሰነፍ ስለሆንሽ ነዋ፣ የኔ ልጅ!»

ሳቅሁ። ሥራ ነው ብዬ ተውኩት። የዘገየው እኮ ሙሽራው ነው! ያንቀላፋነውም አሥራችንም ነን። ይህን ሁሉ አንብቤ፣ አውቄ ዝም አልኩ፤ የማብቂያው ደወል ሲደወል ሁሉም እንደሚያበቃ፣ ከአንድ ማዕድ እንደምንቀርብ አምኜ ነበራ። ያን ምሽት ግን አላበቃም። ሰው እንዲናገር የተሰጠውን ቃል ሲደጋግመው ያምነዋል እንዴ? እነሱ አመኑት። እኔ እራቴን ሳልበላ ደረጃው ላይ አደርኩ።

በማግስቱ አቤት አልኩ። ሙሽራው «አንቺ ደግሞ፣ ቀልድ አታውቂም?» አለኝ።

«አውቃለሁ። አንድ ቀን በሰዓቱ መጥተህ አስቀኝ።»

እናንተ ሳቁ፣ ግድ የለም። እሱ ግን አልሳቀም።

የክፍሉ ኃላፊም ለብቻዬ አስጠሩኝ። «ነገሩን ተዪውና ከነገ ጀምሮ ከልባሞቹ ጋር ግቢ። ወንበርሽ ተዘጋጅቷል።»

«በእኔ ቦታስ?»

«ለሱ አታስቢ። ሌላ ልጅ ቀጥረናል።»

እውነቱን ልናገር፣ ወንበሩ አጓጓኝ። ማን ብርድ ይወዳል? ሥራውን ለቅቄ ብሄድም ቦታዬ ባዶ እንደማይቀር አውቃለሁ። ሞቆኝ፣ ጠግቤ፣ ያቺ ልጅ ስታንኳኳ ከውስጥ ሆኜ የምስቀውን ሳቅ ግን አስቀድሜ ሰማሁት። መልቀቂያዬን ያስገባሁት ለዚህ ነው።

ዘሪው ወንድሜ፣ ዘርህ ሁሉ መልካም መሬት ይግጠመው። የጠፋሽው በግ፣ አንድ ቀን እንኳ ደስ ባለሽ መንገድ ሂጂ። ለኃላፊያችን ዕድሜ፣ ለሙሽራው ሰዓት ይስጥልኝ። የቀራችሁትን ሁሉ ደህና ቀን ያውጣችሁ።

እኔን ሞኝ በሉኝ፣ ችዬዋለሁ። ሌላዋን ሰነፍ አሰኝቼ ልባም መባልን ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።