በቁም ሳጥን የተቆለፈ ዋይፋይ

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ከሮቢት ተሳፍሬ ቆቦ መናኸሪያ ስወርድ፣ ቆርቆሮ ነጋዴውን አቶ በርሄን አንድ ካርቶን እንደ ሕፃን ታቅፈው አገኘኋቸው። የሰፈሬ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ሊያንም ፊዚክስ አስተምሬያታለሁ። ሰላምታችን ሳያልቅ፣

«መምህር፣ ሰው በእናቱ ይቀናል?» አሉኝ።

«ምን ሆኑ ጋሼ በርሄ?»

«ሙሀመድሰይድ እናቴን ወሰደብኝ!»

ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እናታቸው አደይ ደብሪቱ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደስታቸው የድሮ የራያ ዘፈን መስማት ብቻ ነው። ጎረቤታቸው ሙሀመድሰይድ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያጠራቀመውን ዘፈንና መንዙማ ከሳሎን እስከ በረንዳ በየስፒከሩ ያሰማል። አሮጊቷ ከሰዓት በኋላ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደዚያ ይሄዱና ከሚስቱ ከሀጀራ ጋር ተቀምጠው ያመሻሉ። አቶ በርሄ ይህን እያዩ ቅናት አንጀታቸውን ይበላዋል። እናታቸውን ለመመለስ ሲሉ ዋይፋይና ያለ ገመድ የሚሠራ ውድ ስፒከር ገዙ፤ ዘፈኑ ግን እየተቆራረጠ አስቸገረ። አሮጊቷም «ልጄ፣ ዘፋኙ ሳል ይዞታል፤ ይረፍ» ብለው ምርኩዛቸውን አነሡ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው እንግዲህ የዋይፋይ ማጠናከሪያ ነው።

ቤታቸው ይዘውኝ ገቡ። ሊያ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ የምታጠና፣ ለእረፍት የመጣች ልጅ ናት። ካርቶኑን ገና ስታየው፣

«አባዬ፣ ይኼ አይጠቅምህም። ለአያቴ ክፍል ገመድ እንዘርጋ» አለች።

«ገመድ? ሙሀመድሰይድ በአየር እያዘፈነ እኔ በየግድግዳው ሽቦ ልጎትት? ሰው ምን ይለኛል! ገመድ እኮ ያለፈበት ነገር ነው።»

«እሺ፣ ዋይፋዩ የት ነው ያለው?»

አቶ በርሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው የሳሎኑን የብረት ቁም ሳጥን ከፈቱ። ዋይፋዩ ከታጠፈ ጋቢ ሥር አረንጓዴ መብራቱን ያብለጨልጫል።

«ምነው ቆለፍክበት?»

«በግድግዳው አልፎ ለነሱ እንዳይሄድ ነዋ! እኔ በገዛሁት እነሱ ይጨፍሩበት?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ቅናተኛ ለጎረቤቱ እንዳይተርፍ ሲል መጀመሪያ የሚነፍገው የገዛ ቤቱን ነው።

«የይለፍ ቃል ስላለው ማንም አይወስድብህም» አለች ሊያ። «ብረቱ ግን ያፍነዋል። ከዚያ ቢያመልጥ ደግሞ አያቴ ጋ ለመድረስ ቆርቆሮ የተከመረበትን መጋዘንህን ማለፍ አለበት።»

«ለዚህ አይደል ማጠናከሪያ የገዛሁት!»

«እሱም የተዳከመ ተቀብሎ የተዳከመ ነው የሚያቀብለው። እስኪ ዋጃ ያለውን የሽንኩርት ማሳህን አስበው። ውሃውን በአፈር ቦይ ስትለቀው ጫፍ ያለው መደብ ይደርሰው ነበር?»

«የት አባቱ! ግማሹን መሬት ይጠጣው ነበር። በቧንቧ ካደረግሁት ወዲህ ነው ሽንኩርት ያየሁት።»

«የአያቴ ስፒከርም ጫፍ ያለው መደብ ነው።»

አቶ በርሄ ግን እጅ አልሰጡም። «አይጥ ይበላዋል። ቤቴንም ያበላሽብኛል።»

«በፕላስቲክ ቱቦ ከኮርኒሱ በላይ ይሄዳል፤ አይታይም። ስልክህ አብሮህ ስለሚዞር በዋይፋይ ይሁን። ከቦታው የማይነቃነቀውን ስፒከር ግን፣ የገመድ መሰኪያም ስላለው፣ በገመድ እናድርገው። ሁለቱን ምን አጣላቸው?»

«ታዲያ ሙሀመድሰይድ እንዴት ያለ ገመድ ሆነለት?»

«ጠይቀውት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እሱን ከምጠይቅ ጆሮዬ ይደንቁር!»

ሊያ ወጥታ ጠራችው። ሙሀመድሰይድ ገብቶ የተከፈተውን ቁም ሳጥን አየና ፈገግታውን ዋጥ አደረገ።

«ጋሼ በርሄ፣ የኔማ ሁሉም በገመድ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ስለሆነ ነው ያላዩት። በአየር ስሞክረው መንዙማው መሃል ላይ እየተቋረጠ ሀጀራ ከነስፒከሩ ልታስወጣኝ ነበር፣ ወላሂ! የተረፈኝ ጥቅል አለ፤ ላምጣልዎ?»

እንቅልፍ ያጡለት ነገር ያው የናቁት ገመድ ሆኖ አረፈው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው። አቶ በርሄ ጣራ ጣራውን ሲያዩ ቆይተው «አምጣው እንግዲህ» አሉ፤ መሰላሉንም ራሳቸው ያዙ።

በማግስቱ ከሰዓት እኔም ባለሁበት ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴም ሳይቆራረጥ በአደይ ደብሪቱ ክፍል ተሰማ። ዋይፋዩም ከእስሩ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ የሊያ ስልክ ግቢው በር ድረስ ይሠራል። ማጠናከሪያው ከነካርቶኑ ወደ ሻጩ ተመለሰ። አንባቢዬ ሆይ፣ አዲስ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ቤትህ ምን እንደሚፈልግ እወቅ፤ ከጎረቤትህም በሩቁ ከመቅናት ቀርቦ መጠየቅ ይሻልሃል።

አሮጊቷ አንዱን ዘፈን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ጨረሱና፣

«በርሄ፣ ምርኩዜን አቀብለኝ» አሉ።

አቶ በርሄ ፊታቸው ጠቆረ። «አደይ! አሁንም ወደነሱ?»

«ሀጀራን ልጠራት ነው። ይኼን ሁሉ ጊዜ ስታስተናግደኝ እኔ አንድ ቀን እንኳ ‹ነይ፣ እኔ ጋ እንስማ› ማለት አልቻልኩም። አፍሬ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው።»

አቶ በርሄ ምርኩዙን አነሡ። ከዚያ መልሰው ግድግዳው ላይ አስደገፉትና «ተቀመጪ አደይ፤ እኔ እጠራታለሁ» ብለው ወጡ። የሙሀመድሰይድን በር ሲያንኳኩ ከክፍሉ ሆነን ሰማናቸው።