የቀለም ቀቢው ትከሻ

ሽማግሌው ወጌሻ የደም ግፊታቸውን ሊለኩ ጤና ጣቢያው ጎራ ባሉበት ዕለት፣ ከጎን ያለውን ሕንፃ ሲቀባ ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ አቅፎ ከች አለ።

«የምኖረው በዚህ እጄ ነው፤ እባካችሁ አድኑልኝ!» አለ።

ወጌሻው የታመመ ሰው እያዩ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም። ሐኪሟን፣ የገዛ ወንድማቸውን ልጅ፣ ጓንቷን እስክታጠልቅ እንኳ አልጠበቋትም። ከአንገቱ ሥር እስከ ትከሻው ያለውን አጥንት ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ይኸው! መሃሉ ላይ ጎብጧል። አንዴ ጫን ባደርገው ቦታው ይገባል፤» አሉ።

«አጎቴ፣ እባክዎ አይጫኑት። ከሥሩ ደም ሥርና ነርቭ አለ።»

«እኔ አጥንት ስጠግን አንቺ መች ተወለድሽና!»

«እጅዎ መድኃኒት እንደሆነ አገር ያውቃል። ግን አስቀድመን እንየው።»

የእጁን ትርታ ለካች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስነቃነቀች፤ ትንፋሹን አዳመጠች። ያየችውን ሁሉ ካርዱ ላይ አሰፈረችና ራጅ እንዲነሳ ላከችው። ወጌሻው ሳቁ። ሳቃቸው ከክፋት አልነበረም፤ ያከሙትን ሁሉ በጭንቅላታቸው እንጂ በወረቀት ይዘው አያውቁም።

«ለማን ነው ይህን ሁሉ የምትጽፊው?»

«እኔ በሌለሁበት ለሚያክመው ሰው።»

ራጁ ሲመጣ ሐኪሟ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አሳየቻቸው። «ይህ ጉብታ ድሮ ተሰብሮ የዳነ ነው። አዲሱ ስብራት ወደ ትከሻው ጫፍ ነው፤ ደግነቱ ከቦታው አልተናጋም።»

«ልክ ነው፤ በልጅነቴ ከዛፍ ወድቄ ነበር፤» አለ ቀለም ቀቢው ወደ ወጌሻው ዞሮ። «ያሹኝም እርስዎ ነበሩ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እኔ እርስዎን ስላልረሳሁ፣ እርስዎም የማይረሱኝ መስሎኝ ነዋ!»

ወጌሻው ክው አሉ። በገዛ እጃቸው ያዳኑትን አጥንት ሊጫኑት ነበር።

ሐኪሟ ክንዱን በሰፊ ጨርቅ ከአንገቱ አንጠለጠለችለት። «ስድስት ሳምንት መሰላል የለም። ጣቶችህንና ክርንህን ግን አንቀሳቅስ። በሁለተኛው ሳምንት ራጁ ይደገማል። አይዞህ፣ ገና ብዙ ግድግዳ ትቀባለህ።»

ቀለም ቀቢው ፊቱ ፈክቶ ወጣ። ወጌሻው ግን ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ።

«በይ የድሮውንም ጻፊ። ቀኝ፣ መሃሉ ላይ።»

«በስንት ዓመቱ ነበር?»

«እሱን እኮ ነው የማላውቀው!»

የሰው ጭንቅላት ብዙ ይይዛል፤ ብዙም ይጥላል። የተጻፈ ሕክምና ግን ሕመምተኛውን ከተደጋጋሚ ሥቃይ፣ አካሚውንም ከጸጸት ያድናል። ወጌሻው ይህን ለመረዳት ሌላ ስብከት አላስፈለጋቸውም።

«ጨምሪበት» አሉ። «ወጌሻው የዳነውን ጉብታ አዲስ ስብራት መስሏቸው ሊጫኑት ነበር በይ።»

የሐኪሟ እስክሪብቶ ቆመ። «ኧረ አጎቴ! እርስዎን እንዴት እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ?»

«ጻፊው፣ ልጄ። እኔ ሳልፍ ይህን ትከሻ የሚዳብሰው ሰው ይወቀው።»